«ፍትሐዊ» የተባለው ተራ አስከባሪ፦ ፎቶአችሁን ስለሚያስጠብቀው ሕግ

የፍቼ ጫምባላላ ቀን ጉዱማሌ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የስልኩ ሲግናል ሙሉ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከላችሁ ፎቶ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይገባል። የእናንተው ፎቶ ግን አልወጣ ይላል፤ ያቺ ክብ ምልክት ትዞራለች፣ አሁንም ትዞራለች። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ በእንግዳ ስትሞላም ያው ነው። «ኔትዎርክ ተጨናንቋል» እንልና ስልኩን ኪሳችን እንከታለን።

ተጨናንቋል፣ እውነት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ መናኸሪያም ይጨናነቃል። መናኸሪያ ሲጨናነቅ ማን ቀድሞ እንደሚሳፈር፣ ማን ፀሐይ ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ሕዝቡ መብዛቱ አይደለም፤ ተራ አስከባሪው ነው። ጎበዝ ተራ አስከባሪ ያለበት ሰልፍ ቢረዝምም ይንቀሳቀሳል። ሰነፍ ከሆነ ደግሞ ሰው ቆሞ እያለ ባዶ ወንበር ይዞ የሚሄድ ታክሲ ታያላችሁ። የሞባይል ታወርም የራሱ ተራ አስከባሪ አለው። ሰው አይደለም፤ ስኬጁለር የሚባል ሶፍትዌር ነው። በ4ጂ ኔትዎርክ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ጊዜ፣ «አሁን አንተ ላክ፣ አንቺ ቆዪ» እያለ ይወስናል።

መጽሐፍ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፣ የእግር ኳስ ዳኛማ በየቀኑ ይተቻል። በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚፈርድብንን ሕግ ግን ማንም ሲተች አልሰማም። ዛሬ የምተቸው በዚህ ሙያ እጅግ የተወደሰውን የተራ አሰጣጥ ሕግ ነው። «ፕሮፖርሽናል ፌር» ይባላል፤ «ተመጣጣኝ ፍትሕ» እንበለው። ስሙ ራሱ አፍ ያስይዛል፤ ፍትሕን ማን ይቃወማል? ክርክሬ ይኸው፦ ሕጉ የተወለደው ለዳውንሎድ ነው፤ ወደ አፕሎድ ሲሻገር ፍትሑ ይሳሳል፤ ፍትሑን የምንለካበት መለኪያም ሰው መጠበቁን አያይም።

አስቀድመን ግን አፕሎድ ምኑ እንደሚለይ እንግባባ። ስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸው የሲግናል መስመሮች የሚለኩት የታወሩን ድምፅ ነው። እናንተ እሱን ምን ያህል እንደምትሰሙት ይነግሯችኋል፤ እሱ እናንተን ይስማችሁ አይስማችሁ አይነግሯችሁም። የታወር ሬዲዮ በተለምዶ 20 ወይም 40 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይለቃል። ስልካችሁ ቢጮህ ቢጮህ ጣሪያው 0.2 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ስታዲየም መሃል ማይክ የያዘ ሰውና ከተመልካች መካከል በባዶ ጉሮሮው የሚመልስለትን አስቡ። ታወሩ ከፍ ብሎ መሰቀሉና ጥሩ ጆሮ ያለው መሆኑ ልዩነቱን ያጠበዋል፣ አያጠፋውም። ሙሉ ሲግናል እያሳየ ፎቶ የማያወጣ ስልክ እንግዲህ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የበለጠ ይገርመኛል። ዳውንሎድ ላይ የሚላከው ነገር ታወሩ ዘንድ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ተራ አስከባሪው ለማን ምን ያህል እንዳለው በዓይኑ ያያል። አፕሎድ ላይ ግን ዕቃው ያለው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስልኩ መጀመሪያ «የምልከው አለኝ» ማለት አለበት። ይህን ለማለትም ተራ ያስፈልጋል!

እንቆቅልሹ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶች ላይ የተበተኑ ተርሚናሎችን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ ሲያገናኙ የመረጡት መፍትሔ ተራን ጨርሶ ማስቀረት ነበር። ያለህን ላክ፤ ከሌላው ጋር ከተጋጨብህ ትንሽ ቆይተህ ድገም። ስሙንም አሎሃ አሉት። ሒሳቡ ሲሠራ ግን እንዲህ ያለው ሥርዓት በጥሩ ቀኑ እንኳ ከአየሩ 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ጊዜው በእኩል ቁራጭ ተቆርጦ ሁሉም በቁራጩ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲልክ ከተደረገ ወደ 37 በመቶ ከፍ ይላል። የቀረው ግጭትና ዝምታ ነው።

4ጂ ከአሎሃም ከሥርዓትም ወሰደ። ሥራ ፈትቶ የቆየ ስልክ በር የሚያንኳኳው በአሎሃ መንገድ ነው፤ አንድ ሴል 64 የማንኳኪያ ምልክቶች አሉት፣ ስልኩ ክፍት ከሆኑት አንዱን በዕጣ መርጦ ይልካል። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት ምልክት ከመረጡ ይጋጫሉ፣ ቆይተው ይደግማሉ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ወግና ሥርዓት ይጀምራል። ስልኩ በተመደበለት ጊዜ «አለኝ» የምትል ምልክት ይልካል። ታወሩ ትንሽ ፈቃድ ይሰጠዋል። ስልኩ በዚያች ፈቃድ «ኪሴ ውስጥ ይህን ያህል አለ» ይላል። ታወሩ ደግሞ ዋናውን ፈቃድ ይጽፍለታል፤ ከ4 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ፎቶው መውጣት ይጀምራል። ደብዳቤ ለማስገባት ማመልከቻ፣ ማመልከቻውን ለማስገባት ወረፋ፤ ቀበሌ ሄዶ የሚያውቅ ሰው አይደንቀውም። ሰው በሌለበት ሴል ይህ ሁሉ ምልልስ 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በዓል በሆነበት ሴል ግን ማንኳኳቱ ይጋጫል፤ ፈቃድ የሚጻፍበት ሰሌዳም ጠባብ ነው። በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሊጠሩ የሚችሉት ስሞች የተወሰኑ ናቸው። አየሩ ላይ ቦታ እያለ ስም መጥሪያው ሊሞላ ይችላል ማለት ነው።

ተራ አስከባሪው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከፕሮፖርሽናል ፌር በፊት ሁለት ቀላል ሕጎች ነበሩት። አንዱ እቁብ ነው፤ ሁሉም በየተራው እኩል ይወስዳል። ንጹሕ ሕግ ነው፣ ግን ሁኔታ አያይም። የሬዲዮ ቻናል ይዋዥቃል፤ ስልኩን ስታዞሩት፣ መኪና ሲያልፍ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሆናችሁም ውኃው ሞገዱን ሲያንፀባርቀው ጥራቱ በአፍታ ይለወጣል። እቁቡ ልክ በመጥፎዋ ቅጽበት ሊደርሳችሁ ይችላል። ሌላው ሕግ ተቃራኒው ነው፤ አሁን ከሁሉ የተሻለ ቻናል ላለው ስጥ ይላል። ጠቅላላው ፍጥነት ይመጥቃል፣ ከታወሩ ሥር የተቀመጠው ይጠግባል፣ ጫፍ ላይ ያለው ጾሙን ያድራል።

ፕሮፖርሽናል ፌር በሁለቱ መሃል ገባ። የሐሳቡን የሒሳብ መሠረት እንግሊዛዊው ፍራንክ ኬሊ በ1990ዎቹ መጨረሻ አስቀመጠው። በሞባይል ላይ ስሙ የገነነው ደግሞ ከኢቪዲኦ ጋር ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካውን የኢቪዲኦ ዩኤስቢ ያስታውሳሉ፣ ሀገራችንም ተገልግላበታለች። ሕጉ አንዲት ማካፈል ናት፦ የእያንዳንዱን ሰው የአሁን ፍጥነት እስካሁን በአማካይ ባገኘው ፍጥነት አካፍል፤ ትልቁን ውጤት ያመጣው ይቅደም። ብዙ የወሰደ ሰው አካፋዩ ስለሚያድግ ወደ ኋላ ይገፋል። ተርቦ የቆየው ወደ ፊት ይመጣል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቻናሉ ለራሱ ደህና በሆነበት ቅጽበት ይጠራል። ይህን ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግ እሆናለሁ። ምህንድስና ካስተማረኝ ቀመሮች ውስጥ በዚህች መጠን ይህን ያህል ሥራ የምትሠራ ብዙ የለችም።

አሁን ወደ ክሱ። ቻናላቸው የማይዋዥቅ ሁለት ተማሪዎች እንውሰድ። አንደኛዋ ከታወሩ አጠገብ ናት፣ ብቻዋን ብትሆን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ትልካለች። ሌላው ሩቅ ነው፣ አላሙራ ግርጌ እንበል፤ ብቻውን ቢሆን የሚልከው 1 ሜጋቢት ነው። ማካፈሏን ደጋግማችሁ ብትሠሯት ሕጉ ለሁለቱ እኩል ጊዜ ሲሰጥ ታገኙታላችሁ። እሷ 5 ሜጋቢት፣ እሱ 0.5 ሜጋቢት ይደርሳቸዋል። 2 ሜጋባይት የሆነች ፎቶ እሷ ጋ በ3.2 ሰከንድ ትወጣለች፣ እሱ ጋ በ32 ሰከንድ። «ተመጣጣኝ» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ እኩል የሆነው ሰዓቱ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም።

የሕጉ ጠበቃ መልስ አለው፤ መስማት ይገባናል። «ፍጥነታቸውን እኩል ላድርግ ካልክ ለሩቁ ከ11 እጅ 10ሩን ጊዜ መስጠት አለብህ፤ ያኔ ሁለቱም 0.9 ሜጋቢት ይደርሳቸዋል፤ የሴሉ ጠቅላላ ከ5.5 ወደ 1.8 ይወርዳል። ይህን ትመርጣለህ?» ይላል። አልመርጥም። እስከዚህ ድረስ ጠበቃው ረትቷል።

የማይረታው ቀጥሎ ባለው ነው። 4ጂ አየሩን በ180 ኪሎኸርትዝ ቁራጮች ይሸነሽነዋል፤ የ10 ሜጋኸርትዝ ሴል 50 ቁራጭ አለው። የሩቁ ተማሪ ስልክ 0.2 ዋቱን በሙሉ በ1 ቁራጭ ላይ ሲያፈስ ምልክቱ ታወሩ ጋ ከጩኸቱ 4 እጥፍ ሆኖ ይደርሳል እንበል። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ቀመር የፍጥነቱ ጣሪያ በሰከንድ 418 ኪሎቢት ነው። አሁን 50ውንም ቁራጭ ስጡት። ጉልበቱ ያው 0.2 ዋት ነው፣ ለ50 ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ምልክቱ የጩኸቱ 0.08 ብቻ ይሆናል። ጣሪያው 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሃምሳ እጥፍ ቦታ ሰጥታችሁት ያተረፈው 2.4 እጥፍ! አንድ ጭልፋ ወጥ ለ50 እንጀራ ብታዳርሱት ማንን ያጠግባል? በ5 ቁራጭ ብቻስ? 763 ኪሎቢት። በሴሉ አንድ አሥረኛ ከሙሉው ሴል ሦስት አራተኛ ያህሉን ያገኛል።

እንግዲህ ሰዓቱን ከማጋራት አየሩን እናጋራቸው። ለሩቁ 5 ቁራጭ ሁልጊዜ፣ ለቅርቧ 45 ቁራጭ ሁልጊዜ። እሱ ከ0.5 ወደ 0.76 ሜጋቢት ከፍ አለ። እሷ ጉልበት ስለማያጥራት ፍጥነቷ ከቁራጩ ብዛት ጋር ያድጋል፤ ከ5 ወደ 9 ሜጋቢት ወጣች። ሁለቱም አተረፉ፣ ማንም ምንም አልተቀማም። ሰዓት የሚያፈራርቀው ተራ አስከባሪ በየተራው ባዶ ወንበር ሲያስኬድ ነበር ማለት ነው።

ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ዳውንሎድ ላይ ጉልበቱ የአንድ ታወር ነው፤ ለአንዱ ሰው ጥቂት ቁራጭ ሲሰጥ ጉልበቱም አብሮ ይቀንስበታል፤ ጉልበቱን በቁራጮቹ ላይ እኩል እስከበተነ ድረስ ሰዓት ቢያፈራርቅ አየር ቢያካፍል አማካዩ ያው ነው። ኢቪዲኦ በዳውንሎዱ በአንድ ቅጽበት ለአንድ ሰው ብቻ ይልክ የነበረው ለዚህም ነው፣ ብዙ አልተጎዳም። አፕሎድ ላይ ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲልክ የሚሠሩት ሁለት ባትሪዎች ናቸው። ተራ የሚጠብቅ ስልክ ጉልበቱ ለማንም ሳይጠቅም ይቀመጣል። ለአንድ ጎተራ የተጻፈ የክፍፍል ሕግ ሁሉም የየራሱን ጎተራ ይዞ በመጣበት ማኅበር ላይ ተጫነ፤ የምወቅሰው ይህን ነው።

የዘርፉ ሰዎች ይህን አላዩም ማለት አይደለም፤ የአፕሎድ ስኬጁለሮች አየሩንም ያካፍላሉ። ግን እዚያም ሌላ እንቅፋት ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የ4ጂ መመዘኛ የስልኩ ባትሪ እንዲቆጠብ ሲል አንድ ሰው በአፕሎድ የሚሰጠው ቁራጭ ሁሉ ጎን ለጎን የተያያዘ መሆን አለበት አለ። ሦስት ጓደኛሞች አውቶቡስ ውስጥ ተያይዘን ካልተቀመጥን እንዳሉ ቁጠሩት። በዚህ ግዴታ ሥር የፕሮፖርሽናል ፌርን ምርጥ መልስ ማግኘት ከከባዶቹ የኮምፒውተር ሳይንስ ችግሮች ተራ የሚመደብ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 አረጋግጠዋል። ተራ አስከባሪው ያለው 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በግምት ይሠራል። «ፍትሐዊ» የሚለው ስም ግን ከነሙሉ ክብሩ በየጥናቱ ርዕስ ላይ ቀጥሏል።

ሦስተኛው ወቀሳዬ በሕጉ ላይ ሳይሆን ሕጉን በምንመዝንበት ሚዛን ላይ ነው፤ እኔም ያለሁበት የተመራማሪው መንደር ይመለከተዋል። ስለ ስኬጁለር የሚጻፍ ጥናት ከፈታችሁ የጄይን ጠቋሚ የሚባል ቁጥር አታጡም። እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረበ መለኪያ ነው፤ ለሁሉም እኩል ከደረሰ 1 ይሰጣል፣ አድልዎ ሲበዛ ወደ ዜሮ ይወርዳል። አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሁለቱም በ10 ሰከንድ ውስጥ እኩል 1 ሜጋባይት ላኩ። አንዱ በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ሲልክ ቆየ፤ ሌላው 9 ሰከንድ ደርቆ ጠብቆ በመጨረሻዋ ሰከንድ ሁሉንም ላከ። ጠቋሚውን በ10 ሰከንዱ አማካይ ላይ አስሉት። ውጤቱ 1 ነው፣ ፍጹም ፍትሕ! ያ 9 ሰከንድ የት ገባ?

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ይደረባል። በብዙ ሲሙሌሽኖች ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ኪሳቸው መቼም አይጎድልም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚልኩት ሞልቶ የተረፈ ነው። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም። የማውቀው ባጃጅ ወርዶ በቴሌብር የከፈለን ሰው ነው፤ የሚልከው ከአንዲት ፎቶ እጅግ ያነሰ መረጃ ነው፣ ሹፌሩ ግን መልእክቱ እስኪደርሰው ሞተሩን አያስነሳም። የማውቀው የምዝገባ ቅጽ ሊዘጋ 5 ደቂቃ ሲቀረው «ላክ» የሚለውን የተጫነች ተማሪን ነው። ለእነዚህ አማካይ ፍጥነት ምንም ማለት አይደለም፤ የቆሙባት ደቂቃ ናት ሁሉ ነገር። (በነገራችን ላይ አፑ እምቢ ሲል *127# የሚሠራላችሁ ጊዜ ካለ አስማት አይደለም፤ እሱ የሚሄደው ከኢንተርኔት ዳታው ተለይቶ በኔትዎርኩ የምልክት መንገድ ነው፤ ሰልፉ ሌላ ነው።)

መጠበቅን የሚቆጥሩ ሕጎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበ አንድ ሕግ የፕሮፖርሽናል ፌርን ማካፈል ወስዶ ውጤቱን መልእክቱ በጠበቀበት ጊዜ ያባዛዋል፤ የዘገየ እየከበደ ይሄዳል። በ4ጂ ለድምፅ ጥሪ ደግሞ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ቦታ አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል፣ በየጊዜው ፈቃድ መለመን አያስፈልግም። 5ጂም ከእ.ኤ.አ. 2018ቱ መመዘኛ ጀምሮ ስልክ ሳይጠይቅ የሚልክበትን ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ያውቃል። ነፍሰ ጡርና አዛውንት ሲመጡ ከሰልፉ አውጥቶ የሚያስቀድም ተራ አስከባሪ አይታችሁ የለ? ሰልፉ አይናደድበትም። እሱ ያወቀውን ነገር ሶፍትዌሩም ማወቅ ይችላል፤ እንዲያውቅ ከታዘዘ።

የሚያዘው ታዲያ ማን ነው? መመዘኛውን የሚያወጣው 3ጂፒፒ ስልኩ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ፈቃዱ በምን መልክ እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ደንግጓል። ማን ይቅደም የሚለውን ግን ለአምራቹ ትቶታል፤ አምራቾችም ዝርዝሩን እንደ ንግድ ምስጢር ይይዙታል። አንድ ውሳኔ ደግሞ ከተራ አስከባሪውም በላይ ነው። ዳውንሎድና አፕሎድ አንድ ድግግሞሽ በሰዓት በሚጋሩበት የ4ጂ ዓይነት፣ ከ10 የጊዜ ቁራጭ ስንቱ ለአፕሎድ ይሁን የሚለው ከ7 አማራጮች ይመረጣል። በአንደኛው አማራጭ አፕሎድ የሚደርሰው 6 ነው፣ በሌላው 1 ብቻ። ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚያየው ይበዛል ተብሎ ስለሚታሰብ ሚዛኑ ወደ ዳውንሎድ ያጋድላል። በአዘቦት ቀን ልክ ነው። ሁሉም ሰው ቪዲዮ ቀራጭ በሚሆንበት የበዓል ቀን ግን ግምቱ ይገለበጣል።

4ጂ አዲስ አበባ ከገባበት ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ «እስከዚህ ድረስ ይፈጥናል» የሚል ማስታወቂያ ለምደናል። «እስከ» የምትለዋ ቃል የምትናገረው ስለ ዳውንሎድ፣ ስለ ቅርቡ ሰው፣ ስለ ባዶው ሴል ነው።

እናንተ ግን ሌላውን ቁጥር መለካት ትችላላችሁ፣ ብዙ ዳታም አይበላም። ፒንግ የሚሠራ ነጻ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ ይነግራችኋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከቤታችሁ 20 ጊዜ ላኩ። እሑድ አመሻሽ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ሲበዛ ያንኑ ድገሙ፤ ከተቻለ ታቦር ተራራ ላይም፣ ጉዱማሌም በበዓል ቀን። ሰዓቱን፣ ቦታውንና ስልኩ የሚያሳየውን የሲግናል መስመር ቁጥር አብራችሁ መዝግቡ። አፑ አማካዩን አስልቶ ያቀርብላችኋል፤ እሱን ተዉትና ከ20ው ትልቁን ጻፉ።